ሦስተኛው መስመር

እስኪ ጠጋ በሉ። የማወጋችሁ ስለ ቆጠራ ነው፤ ያውም ሁለትን ከሦስት ስለመለየት። ቀላል ይመስላል አይደል? ሊቃውንቱን ግን መቶ ዓመት አልፍቷቸዋል።

ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1886 ይጀምራል። ፓሪስ ላይ ሻርኮና ማሪ፣ እንግሊዝ አገር ደግሞ ቱዝ የሚባል ሐኪም፣ ሳይመካከሩ ስለ አንድ ዓይነት ሕመምተኛ ጻፉ። ባቱ ሰልሏል። የእግሩ ጣት መሬት እንዳይጠርግ ሲራመድ ጉልበቱን ብድግ ያደርጋል። ዓመት ሲጨምር እጁም ይደክምና የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። ሕመሙ በዘር ይወርዳል። በሦስቱ ስም ሻርኮ-ማሪ-ቱዝ ተባለ፤ ምክንያቱ ግን ተሰውሮ ቆየ።

አሁን ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ሂውስተን ልውሰዳችሁ። በቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ጄምስ ሉፕስኪ የሚባል ተመራማሪ አለ። ይህ ሰው በሽታውን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በገዛ እግሩ ያውቀዋል።

ሉፕስኪና ባልደረቦቹ የሕመምተኞችን 17ኛ ክሮሞዞም ይመረምራሉ። የዘረመሉ ቁራጭ በፊልም ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ ነውና የምንወርሰው፣ መስመሩ ቢበዛ ሁለት ነው። ታዲያ በሕመምተኞቹ ፊልም ላይ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ሦስት! ሦስት ባልወጣበትም ከሁለቱ አንዱ የጓደኛውን እጥፍ ጠቁሯል። «ከሁለት አይበልጥም» ብሎ የቆረጠ ዓይን እንዳላየ ያልፈው ነበር። እነሱ ግን ቆጠሩ። በ1991 ይፋ አወጡት፤ በዚያው ዓመት የቤልጅየም ተመራማሪዎችም እዚያው ደረሱ።

ለካ 1.5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ያለው ቁራጭ ተደግሟል! ቁም ጸሐፊ አንዱን ቅጠል ሁለቴ እንደገለበጠው ብራና ነው፤ ፊደል በፊደል ብታነቡት ግድፈት የለበትም፣ ቅጠሉን ስትቆጥሩ ግን ይተርፋል። በዚያ ቁራጭ ውስጥ ፒኤምፒ22 የሚባል ጂን አለ፤ የነርቭን ሽፋን ከሚሠሩት አንዱ። ሦስት ሲሆን ሽፋኑ ይበላሻል፤ ነርቩ መልእክት ማድረስ ይዘገያል።

ቁራጩ የሚደገመው የዘር ሕዋስ ሲሠራ ሁለቱ ክሮሞዞሞች ሳይገጣጠሙ ሲለዋወጡ ነው። ለአንዱ ሲተርፍ ከሌላው ይጎድላል። የጎደለበትስ ምን ይሆናል? እሱም በ1993 ተገኘ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው እግሩን አነባብሮ ጥቂት ከተቀመጠ፣ ሲነሳ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፤ አንዳንዴም ለሳምንታት። እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲበዛም ሲያንስም ያው ነው።

ሉፕስኪስ? የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ያ ያገኘው ትርፍ ቅጂ በራሱ ላይ የለም! በ2010 ሙሉ ዘረመሉ ሲነበብ ሌላ ጂን ላይ ሁለት የፊደል ግድፈት ተገኘ፤ አንዱ ከእናቱ፣ ሌላው ከአባቱ። የሌላውን በቆጠራ የፈታ ሰው የራሱን በንባብ አገኘው።

እናም ወገኖቼ፣ በዘር የሚወርድ የነርቭ ሕመም ያለበት ዘመድ ኖሯችሁ «ጂኑ ተነቧል፣ ንጹሕ ነው» ቢሏችሁ፣ አመስግኑና አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ «ተቆጥሯልስ ወይ?»