ማዕረግ፣ ኒሻንና ውለታ፤ ኢትዮጵያን ላገለገሉ የውጭ አገር ሰዎች የተሰጠ ክብር

አንድ መንግሥት ላገለገለው የባዕድ አገር ሰው ምን ዓይነት ክብር ሊሰጠው ይገባል? በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ከተፈጸመው ሥራ ጋር አያይዘን ልንመረምረው አስበናል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ክብሩ አንዳንድ ጊዜ የአገር ማዕረግ ነበር። ሩሲያዊው ባቢቼፍ ፊታውራሪ ተብለው በዚሁ አገር ኖሩ፤ ልጃቸው ሚሽካም ከአስፋው አሊ ጋር ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች አንዱ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በዘውዲቱ ዘመን የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የሥላሴ ኒሻን ተቋቋሙ። እነዚህም እንደ አውሮፓ ደንብ በደረጃ የተከፈሉ ነበሩ።

ስዊድናዊው ኮንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞቻችንን ረድተዋል። ከጦርነቱ በኋላም ወደ ደብረ ዘይት ተመልሰው፣ ከአገራቸው መምህራን ጋር በሳብ 17ና በሳፊር አውሮፕላኖች ወጣቶቻችንን አስተማሩ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። እነዚህ መምህራን ደመወዝ እየተከፈላቸው የሠሩ ስለ ሆኑ፣ ከደመወዙ ሌላ ክብር ለምን ያስፈልጋል ሊባል ይቻላል። በእኛ አስተያየት ግን ደመወዝ የሚከፈለው ለሥራው ሰዓት ነው፤ ክብር የሚገባው ግን መምህሩ ከሄደ በኋላ በአገሬው እጅ ለቀረው ዕውቀት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጄኔራል አሰፋ አየነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር ኃይል አዛዥ መሆናቸው ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ፎን ሮዘንም ውላቸው ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ለተራበው ወገናችን እህል ለማድረስ ተመልሰው፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ሕይወታቸውን አጡ። እንዲህ ያለውን አገልግሎት የደመወዝ ሒሳብ አይለካውም።

ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ሲወገድ የዘውዱ ኒሻኖችም አብረው ቀሩ፤ የማክበሩ ልማድ ግን አልቀረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ለኢትዮጵያ ከፍ ያለ አስተዋጽኦ ላደረገ የውጭ አገር ሰው ዜግነት ሊሰጥ እንደሚችል ደንግጓል። በ1951 ዓ.ም. መጥተው በፊስቱላ የተጎዱ ሴቶችን ሲያክሙ የኖሩት ዶክተር ካትሪን ሃምሊንም በ2004 ዓ.ም. የክብር ዜግነት ተቀብለዋል።

ስለዚህ ክብር ሰጪው መንግሥት የተቀባዩን ማንነት ወይም የቤተ መንግሥት ቅርበቱን ሳይሆን፣ ሥራው በአገሬው ሰው እጅ መቀጠሉን መመልከት ይገባዋል ብለን እናምናለን።