«የትኛው ሻዕባን?» ከኸሊፋ ዑመር ጥያቄ እስከ ኮምፒውተሩ ሰከንድ

ለኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) አንድ የክፍያ ሰነድ ቀረበላቸው። መክፈያው ጊዜ «ሻዕባን» ተብሎ ተጽፏል። የትኛው ሻዕባን ነው? ያለንበት ወይስ የሚመጣው? ብለው ጠየቁ። ሰነዱ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር አልነበረም። ሌላ ዘገባ ደግሞ ጉዳዩን ያስነሱት አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) እንደነበሩ፣ ቀን የሌላቸው ደብዳቤዎች እየደረሷቸው መቸገራቸውን ለኸሊፋው እንደጻፉ ይናገራል። ወላሁ አዕለም። የሁለቱም መጨረሻ ግን አንድ ነው፤ በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ሰሓቦች ተመካክረው የቆጠራው መነሻ የሂጅራው ዓመት፣ የዓመቱ መግቢያም ሙሐረም እንዲሆን ተስማሙ።

ልብ በሉ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና የገቡት በረቢዐል አወል ነው። ቆጠራው ግን ከሁለት ወር በላይ ቀደም ብሎ ከሙሐረም 1 ይነሳል። ለቆጠራ የሚያስፈልገው ሁሉም የሚስማማበት አንድ መነሻ ነው፤ በዚያች ዕለት የግድ አንድ ነገር መፈጸም የለበትም። ይህን ያዙልኝ፤ ኮምፒውተሩ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከአማኑኤል እስከ አንዋር መስጊድ ባሉት ሱቆች ግድግዳ ላይ ከሚሰቀሉት ካላንደሮች መካከል በአንዲት ሳጥን ሦስት ቁጥር የሚደረድሩ አሉ፤ የኢትዮጵያው፣ የፈረንጁና የሂጅራው። አንድ ወቅት ላይ እንዲያውም አራት ነበሩ። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ነው። በፈረንጆቹ ሜይ 5 ቀን 1936፣ በሒሳብ ሲሰላ ደግሞ ሰፈር 13 ቀን 1355 ዓመተ ሂጅራ ይሆናል። ፋሺስቶቹ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ የሚነሳ የራሳቸው ዘመን ነበራቸውና በእነሱ ቆጠራ 14ኛው ዓመት ነበር። ዋናውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስተው ዛሬ ወዳለበት ያዛወሩት በዚሁ የወረራ ዘመን ነው። የእነሱ ዘመን ከእነሱ ጋር ጠፋ፤ «መርካቶ» የሚለው ስም ግን ቀረ።

ሦስቱ ቀኖች ካላንደር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ችግር የለም። ችግሩ አንዱ ብቻውን ወረቀት ላይ ሲቀር ነው። «05/06/2012» የሚል ደረሰኝ ውሰዱ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 5 ቀን 2012 ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2020 ማለት ነው። አውሮፓዊ ካነበበው ጁን 5 ቀን 2012፣ አሜሪካዊ ካነበበው ሜይ 6 ቀን 2012 ይሆናል። መካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ ገደል አለ። ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለውን የፊደልና የቁጥር ድርድር «ስትሪንግ» ይሉታል። ለኮምፒውተሩ ያ ስትሪንግ ገና ቀን አይደለም፤ የትኛው ዘመን እንደሆነ እስኪነገረው ድረስ ልክ እንደዚያ «ሻዕባን» ነው።

መፍትሔውም አዲስ አይደለም። «አልጎሪዝም» ለሚለው ቃል ስማቸውን ያዋሱት አል-ኸዋሪዝሚ በሥነ ፈለክ ሠንጠረዣቸው አንዱን ዘመን ወደ ሌላው የመመለሻ ስሌት አስቀምጠዋል። አል-ቢሩኒ በ1000 እ.ኤ.አ ገደማ የሕዝቦችን ዘመናት እያነጻጸሩ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ የተጻፈው የአቡ ሻኪር መጽሐፍም ወደ ግዕዝ ተመልሶ የአገራችን የዘመን ቆጠራ ሊቃውንት መማሪያ ሆኗል። የሁሉም ዘዴ በአጭሩ ይህ ነው፤ ቀኑን መጀመሪያ ወደ ተራ ቁጥር ለውጠው፣ ከዚያ ወደፈለግከው ዘመን መልሰው።

በዓድዋ እንሞክረው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም። ያለፉት 1887 ዓመታት በ365 ሲባዙ 688,755 ቀን። ጳጉሜን 6 የሆነችባቸው 472 ዓመታት ስላሉ 472 ቀን ይጨመራል። አምስት ሙሉ ወር 150 ቀን፣ ከየካቲት ያለፈው 22 ቀን። ድምሩ 689,399። የሥነ ፈለክ ሰዎች ከጥንት ጀምረው በሚቆጥሩት የቀን ቁጥር የእኛ ዘመን መነሻ 1,724,221 ላይ ነው። ሲደመር 2,413,620።

አሁን በሂጅራ። ያለፉት 1312 ዓመታት በ354 ሲባዙ 464,448። በየ30 ዓመቱ 11 ቀን ስለሚጨመር እስከዚያ 481 ቀን። ስምንት ወር 236 ቀን፣ ከዘጠነኛው ወር 15 ቀን። ድምሩ 465,180፤ የሂጅራ መነሻ 1,948,440 ሲደመርበት ያው 2,413,620! ስለዚህ የዓድዋ ጦርነት በሒሳብ ረመዷን 16 ቀን 1313 ላይ ይውላል። ጨረቃ በዐይን ታይታ ከሆነ በአንድ ቀን ሊለይ ይችላል፤ ወሩ ግን ረመዷን ነው። በየዓመቱ ዓድዋን ስናከብር ይህን የሚያነሳ ሰው ብዙም አይሰማም።

ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ቀንን በሰከንድ መቁጠሩ ነው። ይህን ቁጥር «ታይምስታምፕ» ይሉታል። ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት ሲወለድ በሰከንድ 60 ጊዜ ይቆጥር ነበር፤ በዚያ ፍጥነት የተመደበለት ቦታ በ829 ቀን ገደማ የሚሞላ ሆነ። ኋላ በሰከንድ ሆነና መነሻው ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ላይ ተተከለ። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፤ በሂጅራ ስሌት ሸዋል 22 ቀን 1389። በዚያች ሌሊት ምን ተፈጸመ? ምንም። ለቆጠራ ስለተመቸች ብቻ የተመረጠች ናት።

ዓድዋ ከዚህ መነሻ 26,968 ቀን ወደኋላ ነው፤ በሰከንድ ከዜሮ በታች 2,330,035,200። የቆየው 32 ቢት የሚባለው ልክ ደግሞ ወደኋላ የሚደርሰው እስከ 2,147,483,648 ነው፤ ዲሴምበር 1901 ላይ ይቆማል። ዓድዋ አይገባበትም! ወደፊት ደግሞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ይሞላል። አዳዲሶቹ ማሽኖች 64 ቢት ስለሆኑ አያሰጋቸውም፤ አሮጌዎቹ ግን ያሰጋቸዋል።

የእኛ ቀኖች ሌላም ፈተና አለባቸው። 13ኛ ወር ሲያይ «ስህተት» ብሎ ጳጉሜን የሚመልስ ፕሮግራም ብዙ ነው። «30/02» ተብሎ የተጻፈን ጥቅምት 30 ደግሞ ምንም ሳይናገር ወደ ማርች የሚያሻግር አለ፤ ይሄኛው ይብሳል፤ ማንም አያውቅበትምና። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ በ2014 የጊዜ አያያዙን ሲያድስ የሂጅራን፣ የጃፓንንና የታይላንድን አቆጣጠር አካቷል፤ የኢትዮጵያን ግን አላካተተም። በሂጅራም ቢሆን ቀኑ የሚገባው በመግሪብ ነው። አርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የተጻፈ ውል ለኮምፒውተሩ ገና አርብ ነው፤ በሂጅራ ግን ቅዳሜ ገብቷል። በእኔ አመለካከት ፕሮግራም የሚጽፉ ወንድሞችና እህቶች ቁጥሩን ብቻ ማስቀመጥ የለባቸውም፤ ሰውየው የጻፈውን ስትሪንግ እንዳለ፣ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጭምር ይያዙ። ቁጥሩ ቢሳሳት መመለሻው እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ ገንዘብንም ይነካል። የዘካ ሐውል የጨረቃ ዓመት ነው፤ የመርካቶ መዝገብ ደግሞ በአብዛኛው ሰኔ 30 ይዘጋል። 33 የሂጅራ ዓመት ከ32 የእኛ ዓመት የሚበልጠው በስድስት ቀን ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በሰኔ እየዘጋ 2.5 በመቶ የሚያወጣ ነጋዴ በ32 ዓመት ውስጥ የአንድ ዓመት ዘካ ይቀርበታል። መዝገቡን በፀሐይ ዓመት መዝጋት ግድ ለሆነበት ሰው ዘመናዊው የኢስላማዊ ፋይናንስ ስሌት 2.5ን ወደ 2.577 ገደማ ያሳድገዋል። በ1,000,000 ብር ላይ ልዩነቱ 770 ብር ነው።