ከ3 ቢሊዮኑ ውጭ የቀሩት

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ከአውስትራሊያ የወጣ አንድ ቁጥር የዓለምን ዜና አጥለቀለቀው፦ 3 ቢሊዮን እንስሳት። ከ2019 መጨረሻ እስከ 2020 መጀመሪያ አገሪቱን ያነደደው የደን ቃጠሎ ይህን ያህል እንስሳ ገድሏል ወይም ከመኖሪያው አፈናቅሏል ተባለ። ግምቱን የሠሩት ሳይንቲስቶች ምን እንደቆጠሩ አልደበቁም፤ አጥቢ፣ ወፍ፣ ተሳቢና እንቁራሪት። አከርካሪ አልባ ፍጥረት አንድም አልገባበትም። ዜናው ግን ይህቺን መስመር ዘለላት። መዳፉ በፋሻ የተጠቀለለ ኮዋላ ልብ ይነካል፤ ለመዥገር ዘመድ ማን ያለቅሳል?

ከክፉኛ ተጎጂዎቹ አንዷ ካንጋሩ ደሴት ነበረች። ግማሽ ያህሏ ነደደ። በዚያች ደሴት ብቻ የምትኖር፣ ሌሎች ሸረሪቶችን አድና የምትበላ አንዲት ትንሽ ሸረሪት አለች፤ «ነፍሰ ገዳይ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ቤቷ መሬት ሳይነካ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ደረቅ ቅጠል ነው። እሳት ደግሞ የሚቀድመው ወደዚያው ነው። ትታወቅበት የነበረው ስፍራ በመቃጠሉ ዘሯ ጠፋ ተብሎ ተፈራ።

አፈር በራሱ ከእሳት ይከላከላል። ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ሲባል ሙቀቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጉንዳን ከጉድጓዱ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ አመዱ ላይ ይርመሰመሳል። የሚያልቀው ከላይ፣ በረገፈው ቅጠል ውስጥ የሚኖረው ነው፦ የመዥገር ዘመዶች የሆኑ ደቃቅ ፍጥረታት፣ እየተስፈነጠሩ የሚዘሉ ክንፍ አልባ ነፍሳት። ቅጠልና ሻጋታ እየበሉ ደኑን መልሰው አፈር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ ቀስ ብለው ይራባሉ፣ ሩቅም አይሄዱም። የሚመለሱት እሳቱ ዘሎ ካለፈው ቁራሽ መሬት፣ ከእርጥብ ሸለቆ ወይም ከወደቀ ግንድ ሥር ነው። እንዲህ ያለ መጠጊያ በሌለበት ሰፊ ቃጠሎ መመለሱ ዓመታት ይፈጃል።

ባሕር ዛፍ ግን አይጠብቃቸውም። በወራት ውስጥ ከከሰለው ግንድ አረንጓዴ ቅጠል ያወጣል፤ ፎቶው ይነሳል፣ «ደኑ አገገመ» ይባላል። ከሥሩ ያለው መሬት ግን ገና ባዶ ነው። ቅጠል ረግፎ እስኪከማች፣ ከዚያም ነዋሪው እስኪገባበት ጊዜ ይፈልጋል። ሁለተኛ ቃጠሎ ከዚያ በፊት ከደረሰ የተጀመረው ሁሉ ይጠፋል።

ሸረሪቷ በ2021 በሕይወት ተገኘች። ከዚያች ደሴት ውጭ በየትም ስለሌለች፣ የቀራት ቦታ ዳግም ቢነድ ተክቶ የሚመጣ ዘር የለም።