ኮሶ ጠጥተዋል፣ እንግዳ አይቀበሉም

ባለፈው እሁድ ከቤተሰብ ጋር ዱከም ወረድን። ለምን እንደሄድን መቼም ሳልነግራችሁ ታውቃላችሁ፤ ለቁርጥ። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህም እኛ ለሥጋው ስንል በአሮጌው መንገድ ነው የምንሄደው። ሥጋው ተቆርጦ፣ አዋዜና ሚጥሚጣው ቀርቦ ሳለ የወንድሜ ሚስት፣ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ወደ አክስቴ ጠጋ ብላ "እኔ ጥብስ ይሁንልኝ፣ ኮሶ ታይቶብኛል" አለቻት። አክስቴ ምኗም አልደነገጠም። "ታዲያ ምን ችግር አለው ልጄ፣ ኮሶውን ራሴ ገዝቼ አመጣልሻለሁ። የአበሻ መድኃኒት ነው፣ ጉዳት የለውም።"

ይቺ "ጉዳት የለውም" የምትለዋ ናት ይሄን የምታስጽፈኝ።

እስቲ መጀመሪያ ስሙን ተመልከቱት። ኮሶ የዛፉ ስም ነው፤ በኦሮምኛ ሄጦ ይሉታል። የመድኃኒቱም ስም ነው። የበሽታውም ስም ነው። በሽታና መድኃኒት እንዲህ ተላምደው በአንድ ስም ሲጠሩ እኔ ሌላ አላውቅም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 እዚህ አገር ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ኮሶ ጽፏል፤ ዛፉንም በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊሰይመው ሞክሮ ነበር። አልጸናለትም፤ ዛሬ የሳይንስ ስሙ ሀጌኒያ አቢሲኒካ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ተጓዦችም ደጋግመው የጻፉት ያንኑ ነው፦ ሰዉ ጥሬ ሥጋ ይበላል፣ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣል። ጌታውም ሎሌውም።

የሴቴዋ ዛፍ አበባ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጨለጣል። "እንደ ኮሶ መረረኝ" የምንለው ወዶ አይደለም። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ቤት መዋል ነው። ኮሶ የጠጣ አሽከር ሥራ አይታዘዝም፤ ጌታው ከጠጣ እንግዳ አይገባም። በር ድረስ የመጣን ሰው "ኮሶ ጠጥተዋል" ብሎ መመለስ ነውር አልነበረም። (ሳይጠጡ ጠጣን ያሉም አይጠፉም ብዬ እጠረጥራለሁ።)

እኔን የሚገርመኝ ያ "ሁለት ወር" ነው። ኮሶ ትሉን ቆራርጦ ያወጣዋል፤ ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ግን እንደገና ያድጋል። አዲስ ከሥጋ ጋር የገባ እጭም አድጎ ቁራጩን መጣል እስኪጀምር 2 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ማይክሮስኮፕ ያላዩ ሰዎች የትሉን የቀን መቁጠሪያ በሆዳቸው ቆጥረው ደርሰውበታል ማለት ነው። ይሄ የሚናቅ እውቀት አይደለም። ግን ሌላም ነገር ይነግረናል፤ ኮሶ በሽታውን ከአገር አጥፍቶት አያውቅም። ቁርጡን ሳይተዉ ከትሉ ጋር የሚኖሩበት ውል ነበር።

እንዲያውም ሳያባብሰው አልቀረም። ትል ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ይግጠዋል፣ እጩ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ሥጋው ተመልሶ እኛው ትሪ ላይ ይመጣል። ኮሶ ጠጥቶ ሜዳ የወጣ ሰው በአንድ ጠዋት ስንት እንቁላል እንደሚዘራ አስቡት እንግዲህ። አረቄው ይገድለዋል፣ ሚጥሚጣው ያቃጥለዋል የሚሏትን ደግሞ ተዉኝ። እጩን የሚገድለው እሳት ነው፤ አለዚያ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ማቆየት። ዱከም ላይ ደግሞ የ10 ቀን ሥጋ አቅርቡና ጉዳችሁን እዩ።

አውሮፓም ኮሶን ወስዳ ሞክራዋለች። ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ቁስጥንጥንያ ላይ አገኘው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። በኋላ እነ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል መጡና ተተካ። የተተካው ስለመረረ ብቻ አይደለም። መጠኑ አይታወቅም፤ አበባው የዘንድሮ ይሁን የከረመ፣ እፍኙ የማን እፍኝ እንደሆነ ማን ያውቃል? ሲበዛ ያስታውካል፣ አቅም ያሳጣል፤ ዓይናቸው የተጎዳ፣ የሞቱም ሰዎች በሐኪሞች ተመዝግበዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለፅንስ ማስወረጃ ይጠጡት ነበር።

ይሄን እዚያው ዱከም፣ ቢላዋ በእጄ ይዤ ለአክስቴ ነገርኳት። ተቆጣች። "እናቴ ዘጠኝ የወለደችው ኮሶ እየጠጣች ነው!" አለችኝ።

"ልጅ በሆዷ እያለ ትጠጣ ነበር?"

ትንሽ አሰበች። "ኧረ በእርግዝናማ አትነካውም ነበር" አለች ቀስ ብላ።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ለዚህ ዓይነቱ ትል እስክትወልድ መጠበቅ እንደሚቻል ነግረዋታል። እሁድ ዕለት ግን አክስቴ ቁርጧን ጨርሳ ነው የተነሳችው። እኔም ብሆን።