42ኛው ዲግሪ የሚከፍላት ምድር፦ የጅግጅጋ ነጥቦች በድር ካርታ ላይ

የዩቲኤም ሥርዓት ምድርን 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው ቀጠናዎች ይከፍላል። 37ኛውን ከ38ኛው የሚለየው 42 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ የሶማሌ ክልልን ሰሜናዊ ምድር አቋርጦ ያልፋል። ሽኒሌ በ37 ስትቀር ጅግጅጋ፣ ቀብሪ በያህና ቶጎ ውጫሌ በ38 ውስጥ ናቸው። ሲቲ ዞን ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ ከድሬዳዋ በአይሻ አድርጎ ወደ ደወሌ የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ቀጠና ይቀይራል።

በወረቀት ካርታ ላይ ቀጠናው በኅዳጉ ተጽፎ ይነበባል። የውሃ ጉድጓድ፣ የቢርካ (የውሃ ማጠራቀሚያ) ወይም የጤና ኬላ መገኛ በኤክሴል ሠንጠረዥ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዘዋወር ግን ብዙ ጊዜ የሚተርፉት ሁለቱ ቁጥሮች፣ የምሥራቅና የሰሜን ንባቦች፣ ብቻ ናቸው። ጅግጅጋ በ38ኛው ቀጠና የምሥራቅ ንባቧ 258,000 ሜትር ገደማ ነው። ተቀባዩ ሰፊው የአገሪቱ ክፍል ያለበትን 37ን ከመረጠ ጉድጓዱ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሄዶ ወለጋ ውስጥ፣ ከነቀምቴ ሰሜን ምሥራቅ ይታያል።

የቁጥሮች ቅደም ተከተልም ያሳስታል። የጂኦጄሰን ፋይል ኬንትሮስን ያስቀድማል፣ የድር ካርታ መሥሪያው ሊፍሌት ኬክሮስን። የጅግጅጋ ኬክሮስ 9.35 እና ኬንትሮስ 42.80 ከተቀያየሩ ከተማዋ በሜዲትራኒያን፣ በኮርሲካ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ትገኛለች።

እነዚህ ገና ሲታዩ ይታወቃሉ። የሚያሰጋው ትንሹ ስሕተት ነው።

የቆዩት የአገሪቱ ባለ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (የመጋጠሚያዎች መለኪያ መሠረት) ነው። የዳተሙ መነሻ ነጥብ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ ይገኛል፤ የምድርን ቅርፅ የሚወስደውም ከክላርክ የ1880 ስሌት ነው። ጂፒኤስ የሚከተለው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ከአሮጌው ካርታ የተነበበ የዩቲኤም ቁጥር ሳይለወጥ ድር ካርታ ላይ ከተጫነ ነጥቡ ከትክክለኛ ቦታው 200 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ 100 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይርቃል። ከተማው ያው ጅግጅጋ ነው፤ ሰፈሩ ግን ሌላ፣ ባለይዞታውም ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርታው ከመታተሙ በፊት አንድ የታወቀ መስጊድ ወይም መስቀለኛ መንገድ በሳተላይት ምስል ላይ መፈተሽ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የድር ካርታዎች የሚሳሉበት ዌብ መርኬተርም በጅግጅጋ ኬክሮስ ርቀትን በ1.35 በመቶ ገደማ ይለጥጣል። በ60 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ይህ 800 ሜትር ያህል ነው፤ ርቀት ከካርታው ሜትሮች በቀጥታ መቆጠር የለበትም።

መድኃኒቱ በሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ነው፦ የኢፒኤስጂ መለያ ቁጥር። ለአዲንዳን 20137 ወይም 20138፣ ለደብሊውጂኤስ 84 32637 ወይም 32638 ይጻፋል፤ እንደ ፕሮጅ4 ያለ መሣሪያ ቀሪውን ወደ ዲግሪ ይመልሳል። ለሲቲ ዞን መለያው ለፋይሉ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ረድፍ መሰጠት አለበት። መለያው ጠፍቶ ለቀረ የጅግጅጋ መዝገብም የምሥራቅ ንባቡ ፍንጭ ይሰጣል፤ 917,000 አካባቢ ከሆነ መዝጋቢው 37ኛውን ቀጠና እስከ ከተማዋ ዘርግቶታል ማለት ነው፤ ቦታው በ37 ከተነበበ ትክክል ነው፣ በፕሮጀክሽኑ የሚለካው ርቀት ግን በኪሎ ሜትር 1.7 ሜትር ያህል ይረዝማል።