ኢትዮጵያ በማን ዓይን ታየች?
የሁለት ሴት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራና ያልተጻፈው ስም

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ እንጀራው ከመቅረቡ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ፣ የጎንደር ግንብ፣ ጢስ ዓባይ፣ ሹሩባ የተሠራች ኮረዳ፤ ከሥራቸውም በእንግሊዝኛ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚል ጽሑፍ። ይህን መፈክር ያወጡት የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። በ1960ዎቹ የቱሪስት ድርጅቱን ሲመሩ ፖስተሮቹ የታሰቡት ፈረንጁን ወደ አገር ቤት ለመጥራት ነበር። ስደት ከመጣ በኋላ ግን ፈረንጅ ከመጥራት ይልቅ ወገንን የሚያጽናኑ ሆኑ።

አሜሪካዊው እንግዳ ግን በልቡ ሌላ ሥዕል ይዞ ነበር የሚገባው። በ1980ዎቹ በአዳምስ ሞርጋን የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ሲበረክቱ፣ «እናንተ አገር ደግሞ ምግብ አለ ወይ?» የሚለውን ቀልድ ያልሰማ አስተናጋጅ፣ ታክሲ ነጂ ወይም ተማሪ አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጆች በትምህርት ቤት ተሰድበውበታል። ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ የሌላ አገር ስም የጠራም አልጠፋም። ሕዝብ በፎቶግራፍ ሊከበርም ሊዋረድም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። እንግዲህ ኢትዮጵያን ለዓለም ያሳዩት እነማን ናቸው? ምን አሳዩ? ምንስ ተዉ?

ካሜራው ከመድፍ ጋር መጣ

በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ የሚያነሱ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች አብረውት ነበሩ። አገሪቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት በፎቶግራፍ የመዘገቡት እነዚህ ወታደሮች ናቸው። በዚያው ዓመት የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ዝነኛዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሣችው። ልጁ የሰባት ዓመት ወላጅ አልባ ነበር። ፊቱ ላይ የሚነበበው ትካዜ ዛሬም ያየውን ሰው ልብ ይነካል። በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። በዓለም ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያዊ ፊቶች አንዱ እንግዲህ የምርኮኛ ሕፃን ፊት ነው።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ካሜራው ሌላ መልክ ያዘ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉበት። እነርሱ የሚያነሡት ሰው ካባውን ደርቦ፣ ወንበሩን መርጦ፣ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ራሱ ወስኖ ይቀርብ ነበር። ይህ ዕድል ግን የመኳንንትና የባለገንዘብ ነበር። ባላገሩ እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር።

ሁለት ረሃብ፣ ሁለት ፊልም

በ1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም ለዓለም አሳየ። ደርግም ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ሥዕሎች ጋር ቀላቅሎ መስከረም 11 ቀን 1974፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሥዕል መንግሥት ለመገልበጥ እንደሚያገለግል ያን ጊዜ ታየ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ይኸው መሣሪያ ወደ ደርግ ዞረ። ጥቅምት 23 ቀን 1984 ናይሮቢ የተወለደው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላኩት ዘገባ ተላለፈ፤ በዚያው ምሽት አሜሪካም በኤንቢሲ አየው። ወገኖቻችን «የ77ቱ ረሃብ» የሚሉት ይህ ነው። ዘገባው የብዙ ሰው ሕይወት ያዳነ እርዳታ አስገኝቷል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። እንግሊዝ አገር በዚያው ታኅሣሥ የእርዳታ ዘፈን ወጣ፤ ሐምሌ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ ተካሄደ። የእንግሊዞቹ ዘፈን ስለ ገና በዓል ነበር። የታሰበላቸው ሰዎች ግን ክርስትናን በአራተኛው መቶ ዘመን የተቀበለች አገር ልጆች መሆናቸውን ያስታወሰ አልነበረም።

አሚን ለዚህች አገር ብዙ ከፍሏል። ደርግ በወደቀ ሰሞን በ1991 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ፣ እሱም ግራ እጁን አጣ። ኅዳር 23 ቀን 1996 ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ይኸው ሰው ከባልደረባው ከዳንከን ዊሌትስ ጋር የአፍሪካን መልክዓ ምድርና ውበት የሚያሳዩ ትልልቅ የጉዞ መጻሕፍት አዘጋጅቷል። ዓለም ያስታወሰለት ግን የኮረሙን ሥዕል ነው።

ሁለቱ ሴቶች

ካሮል ቤክዊዝ አሜሪካዊት፣ አንጄላ ፊሸር አውስትራሊያዊት ናቸው። በ1970ዎቹ ኬንያ ውስጥ ተዋውቀው ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት አብረው ሠርተዋል። ቤክዊዝ በ1980 ስለ ማሳይ፣ በ1983 ስለ ኒጀር ዘላኖች መጻሕፍት አውጥታ ነበር። ፊሸርም በ1984 የአፍሪካን ጌጣጌጥ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳትማለች። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያና ወደ አፍሪካ ቀንድ አዞሩ።

የድካማቸው ፍሬ በ1990 «አፍሪካን አርክ» በሚል ርእስ ወጣ። የእንግሊዝኛው ቃል የኖኅ መርከብም፣ ታቦትም ማለት ነው፤ ርእሱ በሁለቱም ትርጉም ያስኬዳል። ጽሑፉን ያዘጋጀው ግራሃም ሃንኮክ ነው። መጽሐፉን የገለጠ ሰው ከደጋው ካህናትና ከጥምቀት በዓል ተነሥቶ፣ የሐረርን ቤቶችና ሴቶች አይቶ፣ ከአፋርና ከሶማሌ በረሃ ወደ ቦረና፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ሸለቆ ካሮና ሐመር፣ እስከ ሱርማ ድረስ ይጓዛል። ብዙ የከተማ ልጅ አገሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕዝብ መኖሩን ያየው አዲስ አበባ ሳለ ሳይሆን፣ አሜሪካ መጥቶ ይህን መጽሐፍ ሲገልጥ ነው።

በየካቲት 1991 ደግሞ የሱርማዎቹን ታሪክ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ዋሽንግተን የሆነው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አወጣው። በኖራ ፊታቸውንና ገላቸውን በጣት እየተሣሣሉ ያጌጡ ወጣቶች፣ ከንፈራቸው ላይ የሸክላ ጌጥ ያደረጉ ሴቶች፣ ዶንጋ የሚባለው የዱላ ግጥሚያ በየአሜሪካዊው ቤት ገባ። ለስድስት ዓመታት ኢትዮጵያን በአጥንት ብቻ ሲያይ የኖረ አንባቢ በድንገት ቀለም፣ ኩራትና ጥጋብ አየ። የሁለቱ ሴቶች ውለታ ትልቅ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ቸኩሎ አንሥቶ የሚሄድ ሰው የማይደርስበት ቦታ ደርሰዋል፤ ሴቶች በመሆናቸውም ለወንድ የማይከፈት ጓዳ ተከፍቶላቸዋል። ከዚያ በኋላ በ1999 «አፍሪካን ሴሬሞኒስ»፣ በ2018 ደግሞ «አፍሪካን ትዋይላይት» የተባሉትን፣ እያንዳንዳቸው ባለ ሁለት ጥራዝ የሆኑ ሥራዎች አበርክተዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ከተመዘገቡት ሥርዓቶች ዛሬ የቀሩም አሉ።

ውበትም ይደብቃል

ይሁን እንጂ ምስጋና ጥያቄን አይከለክልም። «አፍሪካን አርክ» የወጣበት 1990 ምፅዋ የተያዘችበት፣ ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት፣ ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ገደማ የቀረው ጊዜ ነበር። የመጽሐፉ ትኩረት ሥርዓትና ጌጥ ነውና ይህ ሁሉ የፎቶግራፎቹ ጉዳይ አልነበረም። ያገሩ ሰው ግን በጦርነት መካከል የተነሣን ሥዕል ሲያይ ጊዜ የቆመ መምሰሉ ይከነክነዋል። ሱርማውም ግብር የሚጠየቅ፣ ጠመንጃ የሚገዛ፣ የዘመኑ ሰው ነውና።

ሁለተኛው ነገር ተከታዩ ነው። ከሁለቱ ሴቶች በኋላ ወደ ኦሞ የሄደው ቱሪስት ብዙ ነው። ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር የሚባል ንግድ ተጀመረ፤ ለበዓል ይደረግ የነበረው ጌጥም ለካሜራ ሲባል በዝቶና ተጋንኖ መደረግ ጀመረ። ለዚህ ሁለቱን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ድሃ ያለውን ይሸጣል። በዚህ መካከል እውነተኛው ኑሮ በሌላ በኩል ተለወጠ። በ2016 የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የኦሞን ዓመታዊ ሙላት አስቀረ። ካሮዎች ደግሞ ማሽላቸውን የሚዘሩት ውኃው ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ነበር። ቱሪስቱ የካሮውን ፊት ያነሣል፤ እርሻው የት እንደገባ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው የስም ጉዳይ ነው። የኮረሙ ሕፃን ስም አልነበረውም፤ «ረሃብተኛ» ተባለ። በቀለም ያጌጠችው ልጃገረድም በአንባቢው አእምሮ የቀረችው «የሱርማ ሴት» ተብላ እንጂ በራሷ ስም አይደለም። አንዱ ሥዕል ያሳዝናል፣ ሌላው ያስደንቃል። በሁለቱም ግን ሰውየው ራሱ ጠፍቷል። ስም መኖሩ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ብርሃን ወልዱ ምስክር ናት። በ1984 የካናዳ ቴሌቪዥን ልትሞት ስታጣጥር የቀረጻት ሕፃን ተርፋ፣ ተምራ፣ በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፊት በእግሯ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ያ ሥዕል የረሃብ ምልክት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የአንዲት ሴት ታሪክ ሆነ።

ካሜራው እጅ ሲለውጥ

ደግነቱ ኢትዮጵያዊው ራሱ ካሜራ መያዙን አልተወም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታ ኔጋቲቮቻቸውን ከጥፋት አድነው ወደ ስደት ወስደዋል፤ ሥራቸውም ለንደን ላይ ለሕዝብ ታይቷል። እዚሁ ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረችውና በዋሽንግተን ፖስት ፎቶግራፍ አንሺነት የሠራችው አይዳ ሙሉነህ ወደ አገር ቤት ተመልሳ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው የወጣቶች ሥራ ደግሞ ከየቤቱ አልበም የድሮ ፎቶግራፎችን ከነታሪካቸው ሰብስቦ መጽሐፍ አድርጓል። ሠርግ፣ ምረቃ፣ አፍሮ ጠጉር፣ ሰፊ ሱሪ፤ የተራበም ያልሆነ፣ በኖራ ያልተቀባም፣ የተለመደው ኢትዮጵያዊ።

ይህ ሥራ ለዚህ አካባቢ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። በቀይ ሽብር ዘመን ስንቱ ቤተሰብ የልጁን ፎቶግራፍ ከፍርሃት የተነሣ በምድጃ አቃጥሏል፤ ስንቱስ በሱዳን በረሃ ሲያቋርጥ የያዘውን ጥሏል። የተረፈው በየሲልቨር ስፕሪንጉና በየአሌክሳንድሪያው አፓርታማ፣ በሻንጣና በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል። ከጀርባው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። እነማን እንደሆኑ የሚያውቁት እናቶችና አባቶች ደግሞ እያለፉ ነው። አሜሪካ የተወለደው ልጅ ነገ ያን ፎቶግራፍ ሲያነሣ ፈረንጁ የሱርማዋን ልጅ እንዳየው ያያል፤ ቆንጆ ነው፣ ግን ማን ነው?

ለዚህ ሙዚየምም ገንዘብም አያስፈልግም። በሚቀጥለው እሑድ አልበሙን አውርዶ፣ እማማን አጠገብ አስቀምጦ፣ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጀርባ ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት በእርሳስ መጻፍ ይበቃል። ሁለቱ ሴቶች ከሩቅ አገር መጥተው ያን ሁሉ ከደከሙ፣ ባለቤቱ አንድ እሑድ ቢደክም አይበዛበትም። አባቶች እንዳሉት፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።