ትዕዛዙና መልሱ በአንድ መስመር

ጥቅምት 23 ቀን 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ የንጉሠ ነገሥቱን የዘውድ በዓል ስታከብር፣ አሜሪካ በሚገኘው ቤል ላብስ የዩኒክስ የመጀመሪያው መመሪያ ወጣ። ሽፋኑ ላይ የሰፈረው ቀን ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው። ግጥምጥሞሹ ከዚህ አያልፍም፤ የዚያ ዘመን አሠራር መዘዝ ግን እስከ ሰቆጣ ይደርሳል።

በመመሪያው ውስጥ ኬን ቶምፕሰን የጻፈው ሼል አለ፤ የሰውን ትዕዛዝ ተቀብሎ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ትዕዛዞቹን በፋይል ጽፎ መስጠትም ይቻላል፤ ይህ ስክሪፕት ይባላል። ስክሪፕት ሲሰጠው ሼሉ ከቁልፍ ሰሌዳ የሚሰማበትን ጆሮ ዘግቶ ፋይሉን በቦታው ይከፍት ነበር። ያ ጆሮ በሙያው ቋንቋ ስታንዳርድ ኢንፑት ነው። ሼሉ የሚያስነሣቸው ፕሮግራሞችም ያንኑ ይወርሳሉ። አንድ ዳዊት ለሁለት ይዘው በየተራ እንደሚያነቡ ተማሪዎች፣ አንዱ ካቆመበት ሌላው ይቀጥላል።

ቶምፕሰን ይህን ተጠቀመበት። «ወደ እንትን ዝለል» የሚለው ትዕዛዝ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነበር፤ ስክሪፕቱን ከመጀመሪያው ፈልጎ፣ ምልክቱን ሲያገኝ ጣቱን እዚያ ትቶ ይወጣል። «ውጣ» የሚለውም ጣቱን ፋይሉ መጨረሻ ላይ ከማድረግ በቀር ሥራ አልነበረውም። ሼሉም ቦታው እንዳይዛባ አንድ አንድ ፊደል ያነብ ነበር። ብልሃት ነው፤ ግን የችግር ጊዜ ብልሃት። በስክሪፕት መሐል የተነሣ ፕሮግራም «ይሰረዝ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልስ አድርጎ የሚወስደው ቀጣዩን ትዕዛዝ ነው። ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ አይሰማም።

በ1971 ዓ.ም. የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል ስክሪፕቱን በሌላ በር አስገብቶ ጆሮውን ለባለቤቱ መለሰ።

አሮጌው በር ግን አልተዘጋም። ዛሬም ብዙ ሶፍትዌሮች «ስክሪፕቱን ከኢንተርኔት ቀጥታ ወደ ሼል አፍስሱት» ይላሉ። ሼሉ ሙሉው እስኪደርስ አይጠብቅም፤ የደረሰውን እየፈጸመ ይሄዳል። በሰሜኑ ጦርነት ስልክም መብራትም አጥታ በነበረችው ሰቆጣ፣ ወይም በሌላ የዋግ ኽምራ ወረዳ፣ መስመሩ መሐል ላይ ቢቋረጥ «በዚህ ማኅደር ያለውን ይህን ፋይል አጥፋ» የሚለው ትዕዛዝ ተቆርጦ «ይህን ማኅደር አጥፋ» ሆኖ ሊፈጸም ይችላል። ሼሉ መስመሩ መቋረጡን አያውቅም፤ ስክሪፕቱ ያለቀ ይመስለዋል። መፍትሔው አዲስ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ አውርዶ ማስቀመጥ፣ ሙሉ መሆኑን አይቶ ማስነሣት ነው። መመሪያ ጸሐፊዎቹ ኔትወርኩ በማይቆራረጥበት ከተማ ስለሚኖሩ ይህችን አንድ መስመር መጨመር ይከብዳቸዋል።